ከሜዳው ውስጥ ወደ ሜዳው ዳር፦ የይድነቃቸው ተሰማ የተጫዋችነትና የአሠልጣኝነት ሕይወት



ከጉና ተራራ የሚነሡት ርብና ጉማራ ቁልቁል ወርደው ጣናን ይመግባሉ። በጣና ዳር ቆሞ የሐይቁን ስፋት የሚያደንቅ መንገደኛ ግን ስለ ጉና እምብዛም አያስብም። የተጫዋችና የአሠልጣኝ ነገርም እንዲሁ ነው። ተመልካች ግቡን ያስቆጠረውን ያውቃል፤ ስሙን ይጠራል፤ በትከሻው ተሸክሞ ይጨፍራል። ያንኑ ልጅ ገና በለጋ ዕድሜው ከመንገድ ዳር ጠርቶ ኳስ በየትኛው የእግሩ ክፍል እንደሚመታ ያሳየው ሰው ግን ብዙውን ጊዜ ስሙ አይነሣም። ከገሳይ ሆኖ ጉናን በየዕለቱ የሚያይ ሰው ይህን ምሳሌ ለመረዳት አይቸገርም።

በደብረ ታቦርና በዙሪያዋ ባሉት የፋርጣ፣ የጋይንት፣ የእስቴና የፎገራ ትምህርት ቤቶች የስፖርት ቡድን የሚመራው አብዛኛውን ጊዜ የሰውነት ማጎልመሻ መምህሩ ነው። ይህ መምህር ትናንት ራሱ ተጫዋች የነበረ፣ ዛሬ ግን ፊሽካ በአንገቱ አንጠልጥሎ የሌሎችን ሩጫ የሚመለከት ሰው ነው። ከተጫዋችነት ወደ አሠልጣኝነት መሸጋገር ለተመልካች ቀላል ይመስላል፤ ማልያውን አውልቆ ሜዳው ዳር መቆም ብቻ ይመስላል። ሥራውን የሚያውቁ ግን ከዚያ የበለጠ ነገር እንዳለበት ይመሰክራሉ። ተጫዋቹ የሚያውቀውን በእግሩ ያውቀዋል፤ አሠልጣኙ ግን ያንኑ ዕውቀት በቃል፣ በሥርዓትና በትዕግሥት ወደ ሌላ ሰው እግር ማሻገር አለበት። ይህ የዕውቀት መተላለፍ እንዴት እንደሚሆን፣ ሳይሆን ሲቀርም ምን ያህል እንደሚጎዳ ለማየት ከይድነቃቸው ተሰማ ሕይወት የተሻለ ምሳሌ በአገራችን የስፖርት ታሪክ ውስጥ ማግኘት ያስቸግራል።

የትምህርት ቤቱ ልጅ

አቶ ይድነቃቸው ተሰማ መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም. በጅማ ተወለዱ። አባታቸው በግጥማቸውና በዜማቸው የታወቁት፣ ድምፃቸው በሸክላ ከተቀረጸ የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን አንዱ የነበሩት ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ናቸው። ይድነቃቸው የተማሩት በ1917 ዓ.ም. በተከፈተው በተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ሲሆን፣ ያ ትምህርት ቤት በዚያ ዘመን ከቀለም ትምህርት ጋር ዘመናዊ ስፖርት ወደ አዲስ አበባ ወጣቶች ከገባባቸው በሮች አንዱ ነበር።

በዚያን ጊዜ በከተማይቱ ውስጥ ተደራጅተው እግር ኳስ ይጫወቱ የነበሩት በአብዛኛው የውጭ አገር ማኅበረሰቦች ነበሩ። አርመኖች አራራት የተባለ ቡድን ነበራቸው፤ ግሪኮችም ኦሊምፒያኮስ የሚሉትን አቋቋሙ። ኢትዮጵያውያን ልጆች ከዳር ሆነው ይመለከቱ፣ ኳሱ ከሜዳ ሲወጣም እየሮጡ ይመልሱ ነበር። በ1928 ዓ.ም. በአራዳ ሠፈር በጆርጅ ዱካስና በአየለ አትናሽ ጠንሳሽነት የቅዱስ ጊዮርጊስ ቡድን ሲመሠረት ይህ ሁኔታ ተለወጠ። ቡድኑን የሞሉት የትምህርት ቤት ልጆች ነበሩ፤ ከእነርሱም መካከል ገና የአሥራ አራት ዓመት ልጅ የነበሩት ይድነቃቸው ይገኙበታል። ከዚያ ዓመት ጀምሮ እስከ 1950 ዓ.ም. ድረስ ለ23 ዓመታት ሌላ ማልያ አልለበሱም።

ቡድኑ ከተመሠረተ ጥቂት ወራት እንዳለፉ የፋሽስት ኢጣሊያ ጦር አዲስ አበባ ገባ። ወራሪው ኃይል ስፖርቱንም በዘር ከፋፈለው፤ ነጭና ጥቁር በአንድ ሜዳ እንዳይገጥሙ አደረገ። ቅዱስ ጊዮርጊስም ስሙን ተነጥቆ «ሊቶሪዮ ውቤ ሠፈር» በሚል መጠሪያ እንዲጫወት ተገደደ። አንድ ወጣት በአሥራ አምስትና በአሥራ ስድስት ዓመቱ፣ ማለትም የጨዋታ ፍቅር ከሁሉ በላይ በሚበረታበት ዕድሜ፣ ከማን ጋር መጫወት እንደሚፈቀድለት በቆዳው ቀለም ሲወሰንበት ምን እንደሚሰማው መገመት አያዳግትም። ይድነቃቸው ከብዙ ዓመታት በኋላ በአህጉር ደረጃ የዘር መድልዎን በጽናት ሲታገሉ፣ የሚናገሩት ከመጽሐፍ ስላነበቡት ነገር አልነበረም።

ከነፃነት በኋላ ስፖርቱ እንደገና መደራጀት ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1943 የእግር ኳስ ፌዴሬሽን ተመሠረተ፤ ይድነቃቸውም ገና በተጫዋችነት ላይ እያሉ በዚሁ ድርጅት ሥራ ውስጥ ገቡ። በ1940 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን የመጀመሪያውን ዓለም አቀፍ ጨዋታ ከፈረንሳይ ሶማሌላንድ ጋር አድርጎ 5 ለ 0 አሸነፈ። ይድነቃቸው ለቅዱስ ጊዮርጊስም ለአገራቸውም ተሰልፈዋል። ዋናው ቁም ነገር ግን ሌላ ነው። በዚያ ዘመን የተጫዋች፣ የአሠልጣኝና የአስተዳዳሪ ሥራ ተለይቶ አልተመደበም ነበር። አንድ ሰው ጠዋት ደብዳቤ ይጽፋል፣ ከሰዓት በኋላ ልምምድ ያሠራል፣ እሑድ ደግሞ ራሱ ተሰልፎ ይጫወታል። ይድነቃቸው ወደ አሠልጣኝነት የተሸጋገሩት በአንድ ቀን ውሳኔ አልነበረም፤ እየተጫወቱ ማስተማርን፣ እያስተማሩም ማደራጀትን የለመዱ ሰው ነበሩ።

አሠልጣኝነት ሙያ የሆነበት መንገድ

እዚህ ላይ ከአገራችን ወጣ ብሎ የሌላውን ዓለም ታሪክ መመልከት ይጠቅማል፤ የአሠልጣኝነት ሙያ በዓለምም ቢሆን ዕድሜው ረጅም አይደለምና።

በታኅሣሥ ወር እ.ኤ.አ. 1891 በአሜሪካ አገር ማሳቹሴትስ ክፍለ ግዛት በስፕሪንግፊልድ ከተማ ጄምስ ኔይስሚዝ የተባሉ የሰውነት ማጎልመሻ መምህር፣ ተማሪዎቻቸው በብርዱ ወራት ቤት ውስጥ የሚጫወቱት ጨዋታ ቢያጡ፣ ሁለት የኮክ ቅርጫቶች በአዳራሹ ሰገነት ላይ አሰቅለው፣ 13 ደንቦች ጽፈው የቅርጫት ኳስን ፈጠሩ። እኒሁ ሰው እ.ኤ.አ. በ1898 ወደ ካንሳስ ዩኒቨርሲቲ ተዛውረው ቡድን አቋቋሙ። የሚገርመው የጨዋታው ፈጣሪ ቡድን 55 ጊዜ አሸንፎ 60 ጊዜ መሸነፉ ነው። ኔይስሚዝ የሚያሳስባቸው የተማሪዎቹ ጤንነትና ጠባይ እንጂ ውጤቱ አልነበረም። የቅርጫት ኳስ ይጫወቱታል እንጂ አያሠለጥኑትም የሚል እምነት እንደነበራቸውም ይነገራል።

ይህን እምነት በሥራ የለወጡት የራሳቸው ተጫዋች ናቸው። ፎረስት አለን ከመጀመሪያዎቹ የኮሌጅ ቅርጫት ኳስ ተጫዋቾች አንዱ ሲሆኑ፣ በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ዓመታት ለካንሳስ ዩኒቨርሲቲ ተሰልፈዋል። በኋላም የመምህራቸውን ቦታ ተረክበው፣ በመካከል ለጥቂት ዓመታት ቢለዩም፣ ያንኑ ቡድን በጠቅላላው ለ39 የውድድር ዓመታት አሠለጠኑ፤ እ.ኤ.አ. በ1952ም የአገሪቱን የኮሌጆች ሻምፒዮና አሸነፉ። ይሁን እንጂ የአለን ትልቁ ሥራ በዋንጫ አይለካም። በእርሳቸው ሥር የተጫወቱት አዶልፍ ራፕና ዲን ስሚዝ እያንዳንዳቸው በተራቸው በአሜሪካ ኮሌጆች ታሪክ ስማቸው የገነነ አሠልጣኞች ሆነዋል። እንዲሁም እ.ኤ.አ. በ1927 የደንብ አውጪው ኮሚቴ ኳስ እያነጠሩ መሄድን ለማስቀረት በቃጣ ጊዜ፣ አለን የሙያ ባልደረቦቻቸውን አሰባስበው ተቃወሙ፤ ከዚያም ተቃውሞ የአሜሪካ ቅርጫት ኳስ አሠልጣኞች ማኅበር ተወለደ። የሙያ ማኅበር የሚመሠረተው ሙያተኛው ብቻውን ሊከላከለው የማይችለው ነገር ሲኖር ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለው የአባቶች ምሳሌ ለአሠልጣኞችም ይሠራል።

በዚያው ዩኒቨርሲቲ የኔይስሚዝ ሌላ ተማሪ የነበሩት ጆን ማክሌንደን ደግሞ ጥቁር በመሆናቸው ለዩኒቨርሲቲው ቡድን እንዳይሰለፉ ተከለከሉ። መጫወት ቢከለከሉም መማርን አልተዉም፤ ከጨዋታው ፈጣሪ አፍ የሰሙትን ይዘው ወደ ጥቁሮች ኮሌጆች ሄዱና አሠልጣኝ ሆኑ። በቴነሲ ያሠለጠኑት ቡድን እ.ኤ.አ. በ1957፣ በ1958 እና በ1959 ሦስት ተከታታይ ጊዜ በኮሌጆች ብሔራዊ ውድድር አሸነፈ። የሜዳው በር የተዘጋበት ሰው በአሠልጣኝነት በር ገብቶ ታሪክ ሠራ።

ከእነዚህ የካንሳስ ሰዎች ታሪክ አንድ መመዘኛ ይገኛል። የአሠልጣኝ ሥራ በሁለት ነገር ይለካል፤ አንደኛው ቡድኑ በሜዳ ላይ የሚያሳየው ነው፤ ሁለተኛው አሠልጣኙ ከሄደ በኋላ ሥራውን የሚቀጥል ሰው መኖሩ ነው። ይድነቃቸውም በእነዚህ ሁለት መለኪያዎች ሊታዩ ይገባል።

ጥር 1954 ዓ.ም.

በየካቲት ወር 1949 ዓ.ም. በካርቱም በተደረገው የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ውድድር ኢትዮጵያ በፍጻሜው በግብፅ 4 ለ 0 ተሸነፈች። እ.ኤ.አ. በ1959 በካይሮ በተደረገው ሁለተኛ ውድድርም ሦስት አገሮች ብቻ ሲካፈሉ፣ ኢትዮጵያ ሁለቱንም ጨዋታዎች ተሸንፋ አንድም ግብ ሳታስቆጥር ተመለሰች። ሦስተኛው ውድድር በአዲስ አበባ እንዲሆን ሲወሰን የይድነቃቸው ኃላፊነት ምን ያህል ከባድ እንደነበረ ከዚህ ይታያል። በሦስት ጨዋታዎች ዘጠኝ ግብ አስተናግዶ አንድም ያላስቆጠረ ቡድን በራሱ ሕዝብ ፊት ሊቆም ነው።

የቡድኑ አሠላለፍ ራሱ የአሠልጣኝ ፈተና ነበር። ከተሰላፊዎቹ አብዛኞቹ ከአሥመራ የመጡ ነበሩ፤ አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎና ወንድሙ ኢታሎ ከኢጣሊያዊ አባትና ከኤርትራዊት እናት የተወለዱ ናቸው። ግብ ጠባቂው ጊላሚካኤል ተክለማርያም፣ አጥቂዎቹ ተክሌ ኪዳኔና ግርማ ተክሌ፣ ከቅዱስ ጊዮርጊስ የመጣው መንግሥቱ ወርቁና ሌሎቹም በተለያየ ከተማና በተለያየ የጨዋታ ልማድ ያደጉ ነበሩ። እነዚህን ወጣቶች አንድ ቡድን ማድረግ በጥቂት ልምምድ የሚያልቅ ሥራ አይደለም።

ጥር 6 ቀን 1954 ዓ.ም. በግማሽ ፍጻሜው ኢትዮጵያ ከቱኒዚያ ጋር ገጠመች። ቱኒዚያ 2 ለ 0 መራች። በዚያ ሰዓት ያለፉት ሁለት ውድድሮች ትዝታ በተመልካቹ ልብ ውስጥ ሳይመጣ አይቀርም። ቡድኑ ግን አልፈረሰም፤ አራት ግብ አከታትሎ አስቆጥሮ 4 ለ 2 አሸነፈ።

ጥር 13 ቀን በተደረገው የፍጻሜ ጨዋታ ተጋጣሚዋ በዚያን ጊዜ የተባበረች የዓረብ ሪፐብሊክ ትባል የነበረችው፣ ሁለቱንም የቀድሞ ዋንጫዎች የወሰደችው ግብፅ ነበረች። በ35ኛው ደቂቃ ባዳዊ አስቆጠረና ግብፅ መራች። በ74ኛው ደቂቃ ተክሌ ኪዳኔ አቻ አደረገ፤ ነገር ግን የሕዝቡ እልልታ ገና ሳያባራ ያው ባዳዊ በአንድ ደቂቃ ልዩነት ሁለተኛውን ጨመረ። ብዙ ቡድን ተስፋ የሚቆርጠው እንዲህ ባለ ጊዜ ነው። ጨዋታው ሊያልቅ ስድስት ደቂቃ ሲቀረው አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ እንደገና አቻ አደረገ። በተጨማሪው ሰዓት ኢታሎ ቫሳሎ ሦስተኛውን፣ መንግሥቱ ወርቁ አራተኛውን አስቆጠሩና ኢትዮጵያ 4 ለ 2 አሸነፈች። ዋንጫውን ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ለአምበሉ ሰጡ። መንግሥቱ ወርቁም በሦስት ግብ ከባዳዊ ጋር እኩል በመሆን የውድድሩ ከፍተኛ ግብ አስቆጣሪ ሆነ።

የአዲስ አበባ ከፍታ ረድቷል የሚል አስተያየት ይሰጣል፤ ሐሰት ነው ማለት አይቻልም። በተጨማሪ ሰዓት ከፍታ የለመደ ሳንባ ጥቅም አለው፤ የደጋ ሰው ይህን ሳይነግሩት ያውቃል። ይሁን እንጂ ከፍታ ብቻውን ግብ አያስቆጥርም። ከኋላ ተነሥቶ ሦስት ጊዜ ውጤት ማስተካከል፣ እርሱንም በአንድ ሳምንት ውስጥ ማድረግ፣ ቡድኑ በሽንፈት ሰዓት ምን እንደሚያደርግ አስቀድሞ የተማረ መሆኑን ያሳያል። ተጫዋች በሚመራበት ጊዜ ጥሩ መጫወትን ራሱም ሊማር ይችላል፤ ሲመራ የሚሸበር ቡድንን ማረጋጋት ግን የአሠልጣኝ ሥራ ነው።

ከቡድን ወደ አህጉር

የይድነቃቸው ሥራ በዚህ አላበቃም። እ.ኤ.አ. በ1956 በሊዝበን በተደረገው የዓለም አቀፉ የእግር ኳስ ፌዴሬሽን ጉባኤ ላይ የግብፅ፣ የሱዳን፣ የኢትዮጵያና የደቡብ አፍሪካ ልዑካን ተገናኝተው የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን እንዲመሠረት መክረው ነበር። በካርቱም የምሥረታው ጉባኤ ሲደረግ ይድነቃቸው ከመሥራቾቹ አንዱ ነበሩ። በዚያው ውድድር ላይ ኢትዮጵያ በግማሽ ፍጻሜ መግጠም የነበረባት ከደቡብ አፍሪካ ጋር ነበር። ደቡብ አፍሪካ ነጭና ጥቁር የተቀላቀለበት ቡድን አላመጣም በማለቷ ከውድድሩ ወጣች፤ ኢትዮጵያም ሳትጫወት ለፍጻሜ አለፈች። በልጅነታቸው በዘር ተከፋፍሎ በነበረ ሜዳ ለተጫወቱት ይድነቃቸው ይህ ውሳኔ ምን ትርጉም እንደነበረው መናገር አያስፈልግም። ደቡብ አፍሪካ ከዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ1976 እስከ መባረሯ ድረስ በቆየው ረጅም ትግል ይድነቃቸው ከግንባር ቀደሞቹ አንዱ ነበሩ።

ሌላው ትግላቸው አፍሪካ በዓለም ዋንጫ ላይ ስላላት ቦታ ነበር። እ.ኤ.አ. ለ1966ቱ የዓለም ዋንጫ በወጣው ደንብ መሠረት የአፍሪካ አሸናፊ በቀጥታ አያልፍም ነበር፤ ከእስያና ከኦሺንያ አሸናፊ ጋር ደግሞ መግጠም ነበረበት። ጋናዊው ኦሄኔ ጃንና ይድነቃቸው ይህን ደንብ አጥብቀው ተቃወሙ፤ የአፍሪካ አገሮችም ከማጣሪያው ራሳቸውን አገለሉ። ከ1970 ጀምሮ አፍሪካ አንድ የተረጋገጠ ቦታ አገኘች፤ በ1982 ደግሞ ሁለት ሆነ። እ.ኤ.አ. ከ1972 እስከ ዕለተ ሞታቸው ድረስ የኮንፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት ሆነው ሠሩ፤ የዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴ አባልም ነበሩ። ያረፉት ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም. ነው።

በመጨረሻዎቹ ዓመታት አጥብቀው ይናገሩበት የነበረው ጉዳይ የአፍሪካ ተጫዋቾች ወደ አውሮፓ መፍለስ ነው። አፍሪካ ምርጥ ልጆቿን እየሸኘች ለሌሎች ጥሬ ዕቃ አቅራቢ ሆና ትቀራለች የሚል ሥጋት ነበራቸው። ዘመኑ በዚህ ረገድ አልተከተላቸውም። ዛሬ የአፍሪካ ጠንካራ ቡድኖች የሚገነቡት በአብዛኛው በአውሮፓ በሚጫወቱ ልጆች ነው፤ ለእነዚያ ልጆችና ለቤተሰቦቻቸውም እንጀራ ሆኗል። በመሆኑም ይድነቃቸው ያቀረቡት መፍትሔ አልሠራም ማለት ይቻላል። ያነሡት ጥያቄ ግን ዛሬም አልተመለሰም፤ ልጁን ያሳደገው የገጠር ትምህርት ቤትና የመጀመሪያው አሠልጣኝ ከልጁ ስኬት ምን ያገኛሉ? ይህ ጥያቄ ከገሳይ ወደ ደብረ ታቦር፣ ከደብረ ታቦርም ወደ አዲስ አበባ የተሻለ ልጅ በተወሰደባቸው ቁጥር በእያንዳንዱ የትምህርት ቤት አሠልጣኝ ልብ ውስጥ የሚነሣ ነው።

ተተኪዎች

በሁለተኛው መለኪያ፣ ማለትም በተተኪ፣ የይድነቃቸው ሥራ እንዴት ይታያል? ከ1954ቱ ቡድን ውስጥ ሁለት ሰዎች በኋላ ዘመን ብሔራዊ ቡድኑን አሠልጥነዋል። አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ በተጫዋችነቱ መጨረሻ ወደ አሠልጣኝነት ገቡ፤ በኋላ ግን ከአገር ወጥተው በስደት ኖረው እ.ኤ.አ. በ2022 ዐረፉ። ሁለተኛው መንግሥቱ ወርቁ ናቸው። በአፍሪካ ዋንጫ በጠቅላላው 10 ግብ በማስቆጠር ስማቸው ከታላላቆቹ ተርታ ተመዝግቧል። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1982 በሊቢያ በተደረገው የአፍሪካ ዋንጫ ኢትዮጵያ በእርሳቸው አሠልጣኝነት ተካፈለች። በናይጄሪያ 3 ለ 0፣ በዛምቢያ 1 ለ 0 ብትሸነፍም ከአልጄሪያ ጋር 0 ለ 0 ተለያየች። ያው የአልጄሪያ ቡድን ከሦስት ወር በኋላ በስፔን የዓለም ዋንጫ ምዕራብ ጀርመንን 2 ለ 1 ረታ። የመንግሥቱ ወርቁ ልጆች ምን ዓይነት ቡድን ፊት እንደቆሙ ከዚህ መረዳት ይቻላል። መንግሥቱ ወርቁ በ2003 ዓ.ም. ዐረፉ።

ከዚያ በኋላ ግን ሰንሰለቱ ሳሳ። ኢትዮጵያ ወደ አፍሪካ ዋንጫ የተመለሰችው ከ31 ዓመት በኋላ እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። ያን ቡድን የመሩት ሰውነት ቢሻው ከሰውነት ማጎልመሻ መምህርነት የመጡ ሰው ናቸው፤ ይህም ለዚህ ማኅበር አባላት ትልቅ ትርጉም አለው። የመጀመሪያው ጨዋታ ከዋንጫው ባለቤት ከዛምቢያ ጋር ሲሆን፣ ግብ ጠባቂው በቀይ ካርድ ከወጣ በኋላ ቡድኑ በአሥር ሰው ተጫውቶ 1 ለ 1 ወጣ። ውድድሩ የተደረገው በደቡብ አፍሪካ ነበር። በ1949 ዓ.ም. በዘር መድልዎ ምክንያት ከመጀመሪያው ውድድር የተገለለችው አገር፣ ነፃ ወጥታ፣ መላውን አፍሪካ በእንግድነት ተቀበለች። ይድነቃቸው ይህን ለማየት አልታደሉም።

በሰሜኑ የአገራችን ክፍልም እግር ኳስ አድጓል። የጎንደሩ ፋሲል ከነማ በ2013 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ አሸናፊ ሆኗል። ይሁን እንጂ አገሪቱ የአፍሪካ ዋንጫን ያነሣችው እስከ ዛሬ ያንኑ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ይህ እውነት ሳይሸፋፈን መነገር አለበት። የ1954ቱ ድል የአንድ ጠንካራ ሰውና የጥቂት ባለ ተሰጥኦ ወጣቶች ውጤት ነበር፤ ያ ሰው ወደ ከፍተኛ ኃላፊነት ሲሄድ ዕውቀቱን በየትምህርት ቤቱ የሚያከፋፍል ሥርዓት በበቂ አልተተከለም። አለን በካንሳስ የተከሉት የአሠልጣኞች ዘር ከትውልድ ወደ ትውልድ የተላለፈው ከእያንዳንዱ ቡድን ጀርባ ቋሚ ትምህርት ቤትና ቋሚ ማኅበር ስለነበረ ነው። በእኛ ዘንድ ዕውቀቱ ከሰዎቹ ጋር አብሮ ሄደ።

ለየዕለቱ ሥራ የሚሆን ትምህርት

ከዚህ ታሪክ በጉና ዙሪያ ላለ የትምህርት ቤት አሠልጣኝ ምን ይተርፋል? ታሪኩ ስለ ዋንጫና ስለ ጉባኤ ቢሆንም መነሻው አንድ የትምህርት ቤት ቡድን ነው። በአካባቢው ያለው ችግር የታወቀ ነው። ሜዳው በክረምት ይረግጋል፤ በበጋ ከከብት ጋር የጋራ ነው። ኳስ ሲፈነዳ ሌላ እስኪገኝ ልጆቹ ወደ ጨርቅ ኳስ ይመለሳሉ። ገብስ በሚታጨድበትና ድንች በሚቆፈርበት ሰሞን ግማሹ ቡድን ለቤተሰቡ ሥራ ይቀራል። ልምምድ እስከ ምሽት ከቆየ ከሩቅ ቀበሌ የሚመጣው ልጅ ጨለማ ይውጠዋል። እነዚህ ሁሉ እውነተኛ ችግሮች ናቸው፤ የይድነቃቸው ዘመን ልጆችም ከዚህ የተሻለ ነገር ይዘው አልተነሡም።

ገንዘብ የማይጠይቁ፣ ነገር ግን ከዚህ ታሪክ በቀጥታ የሚወጡ ሦስት ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው መጻፍ ነው። አሠልጣኙ በየዓመቱ ማንን እንዳሠለጠነ፣ ምን ልምምድ እንዳሠራ፣ የትኛው ዘዴ እንደተሳካና የትኛው እንዳልተሳካ በአንድ ደብተር ቢያሰፍር፣ እርሱ ሲዛወር ተተኪው ከባዶ አይጀምርም። በአገራችን ብዙ የአሠልጣኝ ዕውቀት የጠፋው ስላልነበረ አይደለም፤ ስላልተጻፈ ነው። ሁለተኛው ከተማሪዎች መካከል የነገውን አሠልጣኝ አሁኑኑ መለየት ነው። በየቡድኑ ውስጥ ከሁሉ ፈጣን ባይሆንም ጨዋታውን በዓይኑ የሚያነብ፣ ታናናሾቹን ቁጭ ብሎ የሚያስረዳ ልጅ አይጠፋም። ሴት ልጆችም በዚህ ረገድ በብዛት ይገኛሉ፤ ዕድሉ ግን እምብዛም አይሰጣቸውም። ለእንዲህ ዓይነቱ ተማሪ በሳምንት አንድ ቀን ፊሽካውን አውሶ የታናናሾቹን ልምምድ እንዲመራ ማድረግ ምንም ወጪ የለበትም። ማክሌንደን ሳይጫወቱ አሠልጣኝ መሆናቸው የሚያስተምረው ይህን ነው።

ሦስተኛው በሽንፈት ሰዓት ማስተማር ነው። ቡድን ሲያሸንፍ የአሠልጣኝ ቃል አይሰማም፤ ደስታው ይበልጣል። ሲሸነፍ ግን ተጫዋቹ ዓይኑን ወደ ሜዳው ዳር ያዞራል። በዚያች ቅጽበት ከአሠልጣኙ ፊት ላይ ቁጣ ካነበበ ይሸበራል፤ መረጋጋት ካነበበ ይረጋጋል። በጥር 1954 ዓ.ም. ሦስት ጊዜ የተመራው ቡድን ሦስቱንም ጊዜ መመለሱ ሊታወስ የሚገባው ከዋንጫው ይልቅ ለዚህ ነው።

ክቡራንና ክቡራት፤ ይድነቃቸው ተሰማ በሕይወት ዘመናቸው ያገኙት ማዕረግ ብዙ ነበር። ከማዕረጎቹ ሁሉ በፊት ግን በትምህርት ቤት ሜዳ ኳስ የተማሩ ልጅ፣ ቀጥሎም የተማሩትን ለሌላው ያስተማሩ ሰው ነበሩ። ከዚያ በኋላ የመጣው ሁሉ በእነዚህ ሁለት መሠረቶች ላይ የቆመ ነው። ዛሬ በደብረ ታቦር፣ በክምር ድንጋይና በገሳይ ሜዳዎች የሚሮጡት ልጆች ዋንጫ ያነሡ ወይም አያነሡ እንደሆነ አስቀድሞ የሚያውቅ የለም። ከመካከላቸው ሁለትና ሦስቱ ነገ ለሌሎች የሚያስተምሩ ሆነው እንዲወጡ ማድረግ ግን በዚህ የተሰበሰቡት መምህራን ሥልጣን ውስጥ ያለ ነገር ነው፤ እርሱም በሚቀጥለው ሰኞ ልምምድ ላይ ሊጀመር ይችላል።